«ክፍተት» ሲባል የትኛው ክፍተት? ያለቁ የፊት ጥርሶችን ለመጠገን ቦታ ስለ ማስገኘትና ስለ ማስረጃው የቀረበ የስያሜ ማብራሪያ

፩. መነሻ

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ ለመመለስ በሚደረገው ጥረት በይበልጥ የሚያስቸግሩት ፈጽሞ እንግዳ የሆኑት ቃላት አይደሉም። እንግዳ ቃል እንግዳነቱን ራሱ ይናገራል፤ ሰሚውም «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይበልጥ የሚያሳስቱት በአማርኛ ቀድሞ የታወቀ ፍች ይዘው ሳለ በሙያው ውስጥ ሌላ ነገር እንዲያመለክቱ የሚደረጉት ቃላት ናቸው። እነዚህን ሰሚው ያወቃቸው ስለሚመስለው አይጠይቅም።

በዚህ ጽሑፍ አንድ የጥርስ ሕክምና ጉዳይ መርጠን ይህን ችግር ለማሳየት እንሞክራለን። ጉዳዩ አልቀው ያጠሩ የፊት ጥርሶችን ለመጠገን የሚያስችል ቦታ የማስገኘት ዘዴና ዘዴው የቆመበት ማስረጃ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት አለን። ሕክምናው የሚፈጸመው በሕመምተኛው ፈቃድ ሲሆን፣ ፈቃዱን የሚሰጠውም በተነገረው ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። «ክፍተት»፣ «መብቀል» እና «ማስረጃ» የሚሉት ሦስት ቃላት በትክክል ካልተመረጡ ሕመምተኛው የተስማማበት ነገርና በአፉ ውስጥ የሚፈጸመው ነገር ይለያያሉ።

፪. ስለ ጥርስ ጉዳት አማርኛ ያለው ሀብት

አማርኛ በጥርስ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የቃል ድኽነት የለበትም። ጥርስ ይነቅዛል፣ ይበላል፣ ይቦረቦራል፣ ይሸረፋል፣ ይዶለዱማል፣ ይበልዛል፣ ይጠርሳል፣ ይወልቃል። እያንዳንዱ ግሥ የራሱ ድርሻ ስላለው አንዱን በሌላው መተካት ስሕተት ያስከትላል።

«ነቀዘ»፣ «ተበላ» እና «ተቦረቦረ» የሚሉት በተሕዋስያን ምክንያት ጥርስ ውስጥ ውስጡን ሲጎዳ የምንጠቀምባቸው ናቸው። «ነቀዘ» ከነቀዝና ከእህል የመጣ ምስል ነው፤ «ተበላ» ደግሞ ጥርስን ትል ይበላዋል ከሚለው የቀድሞ አስተሳሰብ ጋር የተያያዘ ነው። «በለዘ» የቀለምን መለወጥ እንጂ የአካልን መጉደል አያመለክትም። ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ በሚጠጣባቸው የስምጥ ሸለቆ አካባቢዎች የምናየው የጥርስ ቡናማነት በዚህ ቃል ይገለጣል። «ጠረሰ» ደግሞ ሎሚን የመሰለ ኮምጣጣ ነገር ሲበላ በጥርስ ላይ የሚሰማውን ስሜት ብቻ የሚናገር፣ ከ«ጥርስ» ከራሱ ሥር የወጣ ግሥ ነው።

አሁን የያዝነው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ተሕዋስያን ሳይነኩት የጥርሱ ጠንካራ አካል ከላይ ወደ ታች፣ ወይም ከጀርባው ወደ ፊት፣ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይሄዳል። በመጀመሪያ ኢናሜል የሚባለው ጠንካራ ልባስ ይሳሳል፤ ቀጥሎ ዴንቲን የሚባለው ቢጫማ ክፍል ይገለጣል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ያጥራል። ይህን «የተበላ ጥርስ» ብንለው ሰሚው መንቀዝን ይረዳል። «የዶለዶመ» ብንለው የጠርዙን ስለት ማጣት እንጂ የቁመቱን መቀነስ አንናገርም። «የተሸረፈ» ብንለው በአንድ ጊዜ የተሰበረ ይመስላል።

የሚሻለው «ማለቅ» ነው። ማረሻ በአፈር፣ የጫማ ሶል በመንገድ፣ ሞረድም በብረት ያልቃል እንላለን። እንዲህ ስንል ዕቃው ጠፋ ማለታችን ሳይሆን በአገልግሎት ብዛት አካሉ ተቀነሰ ማለታችን ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጥርሶቹ አልቀዋል» ሲባል አንዳንድ ሰሚ ሁሉም ወልቀዋል ብሎ ሊረዳ ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው አጠቃቀም ላይ «አልቆ ያጠረ ጥርስ» ማለት፣ ከዚያ በኋላ «ያለቀ ጥርስ» እያሉ መቀጠል ይበጃል።

የማለቂያው መንገድ ሦስት ዐይነት ነው። ጥርስ ከጥርስ ጋር ሲታሽ፣ ለምሳሌ በእንቅልፍ ጊዜ ጥርስን በማፋጨት ሲያልቅ፣ «በመፋጨት ማለቅ» እንበለው። ባዕድ ነገር ሲፍቀው፣ ለምሳሌ በብርቱ መቦረሽ የተነሣ ሲያልቅ፣ «በመፋቅ ማለቅ» እንበለው፤ «መፋቂያ» የሚለው ስም ከዚሁ ግሥ የወጣ መሆኑ ቃሉን ለሰሚ ያቀርበዋል። አሲድ ማዕድኑን ሲያሟሟው ደግሞ «በመሟሟት ማለቅ» እንበለው። ለዚህ ለመጨረሻው «መሸርሸር» የሚለውን ቃል የሚመርጡ አሉ። ነገር ግን መሸርሸር በአፈር ትምህርት ውስጥ ጎርፍ በኀይሉ ጠርጎ መውሰዱን የሚያመለክት ሆኖ ጸንቷል። የለስላሳ መጠጥ ወይም ከጨጓራ የሚመለስ አሲድ ግን ጥርስን የሚጎዳው በኀይል በመግፋት ሳይሆን ማዕድኑን በማሟሟት ነው። ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱ ወይም ሦስቱ በአንድ አፍ ውስጥ ተባብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

፫. ቦታው የት ሄደ?

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሣ ይሆናል። ጥርሱ ካጠረ የጎደለውን ያህል ቦታ በላዩ ክፍት ሆኖ ሊገኝ ይገባው የለምን? ለመጠገኛ የሚሆን ቦታ «ማስገኘት» ለምን አስፈለገ?

መልሱ ጥርስ እንደ ሚስማር በአንድ ቦታ ተተክሎ የሚቀር አለመሆኑ ነው። ማለቁ ቀስ በቀስ በሚሆንበት ጊዜ ጥርሱ የያዘውን አጥንትና ድድ ይዞ ወደ ተቃራኒው ጥርስ እየወጣ የጎደለውን ይተካል። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው የፊት ጥርስ ምንም እንኳ ቢያጥሩ አሁንም ይነካካሉ። ሐኪሙ በላያቸው ሙሌት ወይም ሽፋን ልሥራ ቢል ውፍረቱን የሚያሳርፍበት ስፍራ አያገኝም።

ቀድሞ የነበሩት አማራጮች እያንዳንዳቸው ዋጋ የሚያስከፍሉ ነበሩ። አንደኛው ያለቀውን ጥርስ ለሽፋኑ ውፍረት ሲባል እንደገና መሞረድ ነው፤ ይህም ከጎደለው ላይ መቀነስ ነው። ሁለተኛው ድዱንና አጥንቱን በቀዶ ሕክምና ዝቅ በማድረግ ጥርሱን ማስረዘም ነው። ሦስተኛው በአፍ ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ሁሉ፣ ጤነኞቹን መንጋጋዎች ሳይቀር፣ በሽፋን ከፍ ማድረግ ነው። አራተኛው ጥርሶችን በሽቦ ማንቀሳቀስ ነው።

፬. ክፍተትና ፍንጭት

ወደ ዋናው የስያሜ ችግር እንመጣለን። ለአንድ አማርኛ ተናጋሪ «በፊት ጥርሶችዎ ላይ ክፍተት እንፈጥራለን» ቢባል መጀመሪያ በዐይነ ኅሊናው የሚመጣው ፍንጭት ነው። ፍንጭት በሁለት ጎን ለጎን በቆሙ የፊት ጥርሶች መካከል የሚገኝ ክፍተት ነው። በአገራችን እንደ ውበት ምልክት ስለሚቆጠርም በዘፈንና በዕለት ንግግር ሲወደስ ኖሯል። በቃሉ ላይ የተጫነው ይህ ባህላዊ ትርጉም ቀላል አይደለም። ሰሚው ወይ «ሐኪሙ ፍንጭት ሊያወጣልኝ ነው» ብሎ ይደሰታል፣ ወይም «ጥርሴን ሊለያይብኝ ነው» ብሎ ይሰጋል። ሁለቱም ከጉዳዩ የራቁ ናቸው።

እዚህ የሚፈለገው ክፍተት ቁም እንጂ አግድም አይደለም፤ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል፣ አፍ ሲገጠም የሚገኝ ነው። ስለዚህ «ክፍተት» የሚለው ቃል ብቻውን መቆም የለበትም። ለመለያው «ገጠመ» ከሚለው ግሥ ብንነሣ ጥሩ መንገድ እናገኛለን። በር ከመቃኑ፣ ክዳን ከአፉ ይገጥማል፤ የላይኛው ጥርስም ከታችኛው ይገጥማል። «ግጥም» የሚለው ስም ለቅኔና ለዜማ፣ «ግጥሚያ» የሚለው ደግሞ ለስፖርት ስለተያዙ ለዚህ አይመቹም። ስለዚህ ጥርስ ከጥርስ ጋር የሚገናኝበትን ሁኔታ «የጥርስ መግጠም»፣ በዚያ ስፍራ የሚገኘውን ክፍተት ደግሞ «የመግጠሚያ ክፍተት» እንበለው እንላለን። «የመግጠሚያ ክፍተት» ሲባል ፍንጭት ወደ አእምሮ አይመጣም።

፭. የዳል ዘዴና የእንቅስቃሴዎቹ ስም

እ.ኤ.አ. በ1975 ዳል፣ ክሮግስታድና ካርልሰን የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች አንድ አማራጭ አቀረቡ። ሕመምተኛው የፊት ጥርሶቹ ብቻ ያለቁበት የ18 ዓመት ወጣት ነበር። ተመራማሪዎቹ ከኮባልትና ክሮምየም ቅይጥ የተሠራ፣ ተነቃይ የሆነ ስስ መድረክ በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ አደረጉለት። መድረኩ ባለበት ጊዜ አፍ ሲገጠም የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብቻ በላዩ ያርፋሉ፤ የኋላዎቹ መንጋጋዎች ግን አይነካኩም። ስምንት ወር ከሠራ በኋላ መንጋጋዎቹ እንደገና ገጠሙ። መድረኩ ሲነሣ በፊት ጥርሶቹ መካከል ለጥገና የሚበቃ የመግጠሚያ ክፍተት ተገኘ፤ ጤነኛ ጥርስ አልተሞረደም።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ሁለት እንቅስቃሴዎች በአንድነት ይፈጸማሉ። የመንከስ ጫና የሚያርፍባቸው የፊት ጥርሶች በጥቂቱ ወደ አጥንታቸው ይገባሉ። ጫና የሌለባቸው መንጋጋዎች ደግሞ ወደ ተቃራኒው ጥርስ ይወጣሉ። የሚለካው ነገር ከጥቂት ሚሊሜትር አይበልጥም።

ለእነዚህ እንቅስቃሴዎች ስም ሲሰጥ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው «መብቀል» ነው። በአማርኛ ጥርስ አበቀለ የሚባለው ሕፃን ነው፤ ስለዚህ «የኋላ ጥርሶችዎ ይበቅላሉ» የተባለ ጎልማሳ አዲስ ጥርስ ይጠብቃል። ሁለተኛው «ከፍ ማለት» ነው። ይህ ለታችኞቹ መንጋጋዎች እውነት ቢሆንም ለላይኞቹ ሐሰት ነው፤ እነርሱ የሚወጡት ወደ ታች ነውና። ሦስተኛው «መስመጥ» ነው፤ የሰመጠ ነገር ከዐይን የሚጠፋ ስለሚመስል ያስፈራል። በእኛ አስተያየት «መውጣት» እና «መግባት» የሚሉት ሁለቱ ግሦች ይበቃሉ፤ አቅጣጫቸው የሚለካው ከአጥንቱ እንጂ ከላይና ከታች ስላልሆነ ለሁለቱም መንጋጋዎች ያገለግላሉ። ነገር ግን ሁለቱን አጣምሮ «ወጣ ገባ» ማለት አይገባም፤ «ወጣ ገባ ጥርስ» የተዛነፈ፣ ረድፉን ያልጠበቀ ጥርስ ነውና።

በዛሬው አሠራር ተነቃዩ የብረት መድረክ እምብዛም አይሠራበትም። ሐኪሙ ኮምፖዚት የሚባለውን የጥርስ መልክ ያለው ሙሌት በቀጥታ ባለቁት ጥርሶች ላይ በመለጠፍ ቁመታቸውን በአንድ ጊዜ ይመልሳል፤ ክፍተቱ ከጥገናው በፊት መሆኑ ቀርቶ ጥገናው ራሱ የመድረኩን ሥራ ይሠራል። ስለዚህም «የዳል መሣሪያ» እና «የዳል ዘዴ» የሚሉትን መለየት ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ተለውጧል፣ ዘዴው ግን አንድ ነው።

፮. «ማስረጃ አለ» ሲባል

ሦስተኛው አሳሳች ቃል «ማስረጃ» ነው። «መረጃ» የተሰበሰበ ወሬ ወይም ቍጥር ነው፤ «ማስረጃ» አንድን አባባል ለማስረዳት የሚቀርብ ነው፤ «ማረጋገጫ» ደግሞ ጥርጣሬን የሚዘጋ ነው። በፍርድ ቤት ልማድ የተነሣ ግን ብዙ ሰው «ማስረጃ አለ» ሲባል «ጉዳዩ ተዘግቷል» ብሎ ይሰማል። በሕክምና ሳይንስ ማስረጃ ደረጃ አለው፤ ስለዚህ ቃሉ ዐይነቱን ከሚናገር መግለጫ ጋር ሊነገር ይገባል። ይህን በያዝነው ጉዳይ ላይ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. የ1975ቱ ጽሑፍ «የአንድ ሕመምተኛ ዘገባ» ነው። ነገሩ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚሆን ግን ሊነግረን አይችልም።

ዳልና ክሮግስታድ እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጡት «የልኬት ጥናት» ነው። በ20 ጎልማሶች መንጋጋ አጥንት ውስጥ ጥቃቅን የብረት ምልክቶች ተደርገው፣ የጥርሶቹ ርቀት ከእነርሱ በራጅ ተለካ። ከተገኘው ክፍተት በአማካይ 40 በመቶ ያህሉ ከፊት ጥርሶች መግባት፣ 60 በመቶ ያህሉ ከኋላ ጥርሶች መውጣት የመጣ ሆነ። ሁለቱም እንቅስቃሴዎች እውነተኛ መሆናቸው የታወቀው በዚህ ነው።

ጋውና ሴቼል እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት «ወደ ኋላ ተመልሶ የተሰበሰበ የሕሙማን ዘገባ» ነው። ከ50 ሕክምናዎች በ96 በመቶው ክፍተቱ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪቲሽ ዴንታል ጆርናል የወጣ አንድ የግምገማ ጽሑፍም እስከዚያ የታተሙት ዘገባዎች ከ94 እስከ 100 በመቶ የሚደርስ ስኬት እንደሚያሳዩ ገልጧል። መንጋጋዎቹ እንደገና እስኪገጥሙ የሚወስደው ጊዜ ብዙውን ጊዜ በወራት ይቈጠራል፤ አንዳንዴ ግን ከአንድ ዓመት ያልፋል።

ስለ ሙሌቶቹ ዕድሜ የሚነገረው ሌላ ጥያቄ ነው። ሄሚንግስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጥናት በ16 ሕሙማን ላይ የተሠሩ 104 የኮምፖዚት ሙሌቶች በአማካይ ለ30 ወራት ተከታትለው 89.4 በመቶው እንደጸኑ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የዐሥር ዓመት ክትትል ግን ብዙዎቹ ሙሌቶች ዐሥር ዓመት ሳይሞላቸው በመሸረፍ፣ በማለቅ ወይም በመበለዝ ምክንያት ጥገና ወይም ቅያሪ እንደፈለጉ አሳይቷል። ስለዚህ «ክፍተቱ ይገኛል» የሚለውና «ሙሌቱ ይቈያል» የሚለው ሁለት የተለያዩ አባባሎች ናቸው፤ የአንዱ ማስረጃ የሌላው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው ጠንከር ያለ ሲሆን ሁለተኛው ተደጋጋሚ እድሳትን የሚጠይቅ ነው።

በአጠቃላይ ማስረጃው በአብዛኛው የሕሙማን ተከታታይ ዘገባ ነው። ሕሙማንን በዕጣ ደልድሎ አንዱን ሕክምና ከሌላው ጋር የሚያስተያይ ጥናት በዚህ ዘርፍ ጥቂት ነው። ይህ ዘዴውን ዋጋ አያሳጣውም፤ ጤነኛ ጥርስ የማይሞርድ፣ ባይሳካም ብዙ የማያጠፋ መሆኑ ይመዘንለታል። ይሁን እንጂ «ተረጋግጧል» ከሚለው ይልቅ «ተደጋግሞ ታይቷል» የሚለው ግሥ ለሁኔታው ይስማማል።

ዘዴው ለሁሉም አይሆንም። ጥርስን የያዘው አጥንትና ድድ በበሽታ የተጎዳ እንደሆነ፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም ካለ፣ ወይም ሕመምተኛው የአጥንትን መታደስ የሚያዘገዩ መድኃኒቶችን የሚወስድ ከሆነ ሐኪሙ ይጠነቀቃል። በአጥንት ውስጥ የተተከለ ሰው ሠራሽ ጥርስም እንደ ተፈጥሮ ጥርስ አይወጣም፣ አይገባም። ከሁሉም በላይ የማለቁ ምክንያት፣ መፋጨትም ሆነ አሲድ፣ ካልተገታ አዲሱም ሙሌት ያልቃል።

፯. ለውይይት የሚቀርቡ ስያሜዎች

ያለቀ ጥርስ፦ ሳይነቅዝና ሳይሰበር ጠንካራ አካሉ ቀስ በቀስ የተቀነሰ ጥርስ።
በመፋጨት ማለቅ፦ ጥርስ ከጥርስ በመታሸት የሚደርስ።
በመፋቅ ማለቅ፦ ባዕድ ነገር ጥርስን በመፋቅ የሚያደርሰው።
በመሟሟት ማለቅ፦ አሲድ የሚያደርሰው።
የጥርስ መግጠም፦ አፍ ሲገጠም የላይኛውና የታችኛው ጥርስ መገናኘት።
የመግጠሚያ ክፍተት፦ በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ለጥገና የሚሆን ቁም ቦታ፤ ፍንጭት አይደለም።
የጥርስ መግባት፦ ጥርስ በጫና ወደ አጥንቱ በጥቂቱ መጠጋቱ።
የጥርስ መውጣት፦ የበቀለ ጥርስ ወደ ተቃራኒው ጥርስ ተጨማሪ መጓዙ፤ አዲስ ጥርስ መብቀል አይደለም።
የዳል ዘዴ፦ የፊት ጥርሶችን ብቻ በማስገጠም የመግጠሚያ ክፍተት ማስገኘት።

ስያሜዎቹ የሚፈተኑት በመዝገብ ላይ ሳይሆን በአፍ ሲነገሩ ነው። ስለዚህ አንድ ሐኪም ለአንድ ሕመምተኛ ሊናገር የሚችለውን እዚህ እናስቀምጣለን፦ «የፊት ጥርሶችዎ ስላለቁ አጥረዋል። ሳልሞርዳቸው በላያቸው ሙሌት አደርግልዎታለሁ። ለጥቂት ወራት አፍዎን ሲገጥሙ የፊቶቹ ብቻ ይነካካሉ፤ መንጋጋዎችዎ አይነካኩም፤ መጀመሪያ ላይ ማኘክ ያስቸግርዎታል። ቀስ በቀስ የፊቶቹ በጥቂቱ ይገባሉ፣ የኋላዎቹ በጥቂቱ ይወጣሉ፤ ከዚያም ሁሉም ይገጥማሉ። በብዙ ሰዎች እንዲህ ሲሆን ታይቷል፤ በጥቂቶች ግን አልሆነም። ሙሌቱም በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል።»

በዚህ ንግግር ውስጥ አንድም የውጭ ቃል የለም። ሕመምተኛው ከተናገረው ሐኪም እኩል ባያውቅም፣ እሺ ወይም እንቢ የሚለው ስለምን እንደሆነ ያውቃል። የሙያው ባለቤቶች የሆኑ ሐኪሞች እነዚህን ቃላት በሥራቸው ላይ ሞክረው፣ ሕሙማን የትኛውን እንደተረዱና የትኛውን እንዳልተረዱ ቢገልጹልን የሚቀጥለውን እርማት በዚያው ላይ እንመሠርታለን።